ጆሮ ሐዲድ ላይ፦ የሳይንስ ክበብ ዘገባ፣ 2017 ዓ.ም.

የዘንድሮው ዕቅዳችን ሳሙና መሥራትና ችግኝ ማፍላት ነበር። በታኅሣሥ ግን ፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጡን አላቆም አለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። አዋሽና መተሐራ ዘመድ ያላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ በስብሰባችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ዕቅዱን አጠፍኩት።

መጀመሪያ የጠየቁኝ "ድሬም ይመጣል ወይ?" ብለው ነው። ቀኑን ቆርጦ የሚናገር እንደሌለ ነገርኳቸው። ከዚያ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ "እሺ ቲቸር፣ ካለፈ በኋላ መሬቱ እንደነበረው ይሆናል?" አለች። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ይህ ጥያቄ ነው።

ከሸክላ ጀመርን። ጀበና ስንገዛ በጣታችን ኳ ኳ እናደርገዋለን። ደህናው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ዓለትም ስንጥቅ ሲበዛበት ሞገድ በውስጡ ቀስ ብሎ ያልፋል።

ቀጥሎ ባቡር ወደማያልፍበት አሮጌ ሐዲድ ወጣን። አንዱ በመዶሻ ይመታል፤ 100 ሜትር ርቆ ያለው ጆሮውን ብረቱ ላይ ይደግፋል። የመጀመሪያው ቀን በባጃጅ ጩኸት ተበላሸ። ቅዳሜ ማለዳ ተመለስን፤ ምቱ ሁለት ጊዜ ተሰማ። በብረት ድምፅ በሰከንድ 5,000 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ በአየር 340 ያህል። ያን ጠዋት የልጆቹን ፊት ማየት ነበረባችሁ።

ከዚያ የጃፓንን ታሪክ አነበብን። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በመጠን 9 የሚለካ ርዕደ መሬት አገሪቱን መታ። የባሕር ማዕበል ሌት ተቀን ደካማ ንዝረት ወደ መሬት ይልካል። ተመራማሪዎች ይህ ንዝረት በመሣሪያዎቻቸው መካከል የሚሄድበትን ፍጥነት፣ የቀድሞውን ከኋለኛው ጋር አነጻጸሩ። ቀንሶ ነበር። ጎልቶ የቀነሰው ግን መሬቱ አብዝቶ በተናወጠበት ሳይሆን በእሳተ ገሞራዎቹ ሥር ነው፤ ፉጂ ተራራ ሥር ጭምር። እዚያ በግፊት የታመቀ ትኩስ ፈሳሽ አለ። ስንጥቆቹን ከውስጥ ስለሚገፋቸው ዓለቱ ሲነቀነቅ በቀላሉ ይከፈታሉ። ከጊዜ ጋር መልሰው ይገጥማሉ፣ ፍጥነቱም ያገግማል። ፉጂም ያኔ አልፈነዳም፤ ይህን ለፈሩት ልጆች ደጋግሜ ነግሬአለሁ።

የቀነሰው 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ልጆቹ አሰሉት። በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞገድ 3 ሜትር ያጣል፤ በ30 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚዘገየው የሰከንድ መቶኛ ያህል ነው። "አቦ፣ ይቺን እንዴት ያዟት!" አለ አንዱ። ስሌቱ ከሰሌዳው ሳይጠፋ ሳምንት ቆየ።

በሰኔ ያቺው ልጅ "ዶፈን ሥርስ ቲቸር?" ብላ መጣች። እዚያ ከመሬት እንፋሎት ሲትጎለጎል በቪዲዮ አይታለች። ያንን ለማወቅ አካባቢው ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። እኛ ከብረት ዘንግና ከከባድ ድንጋይ የንዝረት መለኪያ መሥራት ጀምረናል። ድንጋዩ ተሰቅሏል፤ እስክሪብቶው ገና ወረቀቱን በደንብ አይነካም።