ሐኪሙ ርዕሰ መምህር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሲነሱ «የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪማችን» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ እሳቸው እንደነበሩ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ራስ ተፈሪ በገንዘባቸው እንዳሠሩት ማንም አይረሳም። ሥራውን ያስጀመሩት፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋው ሐኪም ግን ተዘንግተዋል።

ሕይወታቸው ራሱ ጉድ ያሰኛል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ገና ሕፃን ነበሩ። ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፣ ሕክምና ተማሩ፣ በርማ ድረስ ሄደው ሠሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ አማርኛው ጠፍቷቸዋል። አያታቸው ግን ሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው! የአገሩን ቋንቋ በጎልማሳነቱ እንደ አዲስ የተማረ ሰው፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተሰጠው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ሹመት አይታየኝም።

ኋላ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ ጣሊያን ሲወርረን ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ልጆቻቸውን ዮሴፍንና ቢንያምን ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ ፋሽስቶች ገደሉባቸው። አባት ይህን መርዶ የሰሙት በባዕድ አገር ነው።

የትምህርት ቤቱ 100ኛ ዓመት በ2017 ሞልቷል። ስለ ሕንፃውና ስለ ታዋቂ ተማሪዎቹ ብዙ ተብሏል። እባካችሁ ለመጀመሪያው ኃላፊም አንድ ገጽ አትንፈጓቸው። ፎቷቸው ከተገኘ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ አውጡት፤ እንደ ቴምብር አታሳንሱት።

የዘወትር አንባቢያችሁ