ዓሣ ስንገዛ የደሴን ከፍታም እንቁጠር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሳሎናቸው ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ያላቸው ወይም ለመግዛት ያሰቡ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች አንድ ነገር እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። በትንሽ ገንዳ ውስጥ በሽታ የሚመስለው ሞት ብዙውን ጊዜ መነሻው መጨናነቅ ነው። በእኛ ከተሞች ደግሞ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈው መመሪያ «ይበቃል» ከሚለው ቁጥር በፊት ገንዳው ይሞላል።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በ2,500 ሜትር አካባቢ ባለችው ደሴ ያው ውሃ የሚይዘው 6 ገደማ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላታል። የአየር ፓምፑ የቱንም ያህል ቢጠነክር ውሃው ከዚያ በላይ አይሸከምም።

ስለዚህ በዓይን ከመገመት መለካት ይሻላል። ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሳንቲሜትር ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ሊትሩ ይገኛል። 60 በ30 በ30 የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ነው ይባላል፤ ጠጠሩና ድንጋዩ ቦታ ይዘው፣ ከላይም ጥቂት ጎድሎ ሲታይ እውነተኛው ውሃ 45 ገደማ ነው። ለአንድ ሊትር አንድ ሳንቲሜትር ዓሣ የሚለው የተለመደ ስሌት ለቀጫጭን ትናንሽ ዓሦች እንጂ ለሁሉም አይሠራም። እኛ ለደሴ የምንመክረው ለአንድ ሳንቲሜትር ዓሣ 2 ሊትር ውሃ ነው። በዚህ ሒሳብ 45 ሊትሩ 22 ሳንቲሜትር ገደማ ዓሣ፣ ማለትም ጋፒ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ 6 ወንድ ይይዛል። ርዝመቱ ሲቆጠር አድጎ የሚደርስበት ይወሰድ፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ልክ አያታልል።

ጎልድፊሽ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲሸጥ 5 ሳንቲሜትር ነው፤ 20 ሲደርስ ርዝመቱ 4 እጥፍ ቢሆንም ክብደቱ ወደ 64 እጥፍ ይጠጋል፤ የሚበላውና የሚጥለው ቆሻሻም አብሮ ይበዛል። የደሴን ቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ይችላል፤ ለ54 ሊትር ገንዳ ግን አንድም አይሆንም። አንገቱ ጠባብ የሆነው ክብ ብርጭቆማ ለማንኛውም ዓሣ ባይሸጥ እንወዳለን። እስከ አንገቱ ሲሞላ አየር የሚገባበት የውሃ ገጽ ከሳህን ያንሳልና።

ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ የሚባል መርዛም ቆሻሻ ያስወጣል። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት (እሱም መርዛም ነው)፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው። አዲስ ገንዳ ላይ ይህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ይዘገያል። ስድስቱን ዓሦች በአንድ ቀን ከመክተት በሁለት ሁለት፣ በየሁለት ሳምንቱ መጨመር ይሻላል። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ይጨመቅ።

የተጨናነቀ ገንዳ የሚጋለጠው መብራት ሲጠፋ ነው። ሌሊት ዕፅዋቱም ኦክስጅን ስለሚወስዱ ንጋት ላይ ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያሉ። ወዲያው በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሶ ማፍሰስ ነው። ምግብ አይሰጥ። ገንዳው ዙሪያውን በብርድ ልብስ ይሸፈን፤ አናቱ ክፍት ይቅር፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ማሞቂያ በሌለበት የውሃውን ሙቀት ቶሎ ያወርደዋል። መብራቱ መጥቶ፣ ውሃው እየተንቀሳቀሰ ከቆየ በኋላም ማለክለካቸው ካልቆመ አሞኒያ ወይም ናይትራይት ይጠርጠር።

ጋፒ ራሱ ገንዳውን ይሞላል። ሴቷ በየ4 ሳምንቱ ገደማ ብዙ ጫጩት ትወልዳለች፤ የወንዱንም ዘር ለወራት ታቆያለች፤ ለብቻዋ ብትገዛም መውለዷ አይቀርም። ባለትልቅ ጭራና ደማቅ ቀለም የሆኑትን ወንዶች ብቻ መያዝ ቀላሉ መንገድ ነው።

አስቀድሞ የተጨናነቀ ገንዳ ያለው ሰው ውሃውን ባንዴ አይለውጥ፤ ድንገተኛው ለውጥ ራሱ ዓሦቹን ይጎዳል። በቀን አንድ አምስተኛውን፣ ለ24 ሰዓት ክፍት ቆይቶ ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ይተካ። ምግቡ በ2 ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀው ብቻ ይሁን። የተረፉት ዓሦች ለሌላ ባለገንዳ ይሰጡ። ቦርከና ወንዝ ወይም የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ዓሣ አስጋሪዎች ከሚተዳደሩበት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጋር ምግብ ይሻማል፣ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል።

ሻጮችንም አንድ ነገር እንለምናለን፦ በእያንዳንዱ ዓሣ መያዣ ላይ ዓሣው አድጎ የሚደርስበትን ርዝመትና የሚፈልገውን የውሃ መጠን በአማርኛ ይለጥፉልን፤ የበዛበት ደንበኛ ሲመጣም መልሰው ይቀበሉት።

ዓሣ አርቢ አንባቢዎች፣
ከደሴ