ስቴት ፋይሉን የት ነው ምታስቀምጡት?

ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ስለ ክላውድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፣ ሰርቨር በእጅ መትከል ቀርቶ ዛሬ በኮድ ተጽፎ በአንድ ትእዛዝ እንደሚነሳ ጥሩ አርጋችሁ አስረድታችኋል፣ ግን ጣጣው ያለበትን ቦታ ዘላችሁታል። ስቴት ፋይሉን።

ለማያውቀው ሰው፣ ቴራፎርም ማለት ያን ኮድ አንብቦ ሰርቨሩን ሚያስነሳው መሣሪያ ነው፣ የሰራውን ነገር በሙሉ አንድ የጄሰን (ተራ ጽሑፍ) ፋይል ላይ ይመዘግባል፣ ስቴት ፋይል ሚባለው እሱ ነው። የቤት ካርታ በሉት። ቤቱ ቆሟል፣ ሰው ይኖርበታል፣ ካርታው ከሌለ ግን ክፍለ ከተማ ሄደህ የኔ ነው ብትል ማን ይሰማሃል? ቴራፎርምም ፋይሉን ካጣ ገና ምንም አልተሰራም ብሎ ነው ሚነሳው።

ድሮ የሰራሁበት አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ፋይሉ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነበር ሚቀመጠው። ልጁ ለቀቀ፣ ላፕቶፑን አስረከበ፣ አይቲ ክፍል እንደ ልማዱ ፎርማት አርጎ ለሌላ ሰው ሰጠው። አርብ ከሰዓት እኔ አንድ ዲስክ ልጨምር ብዬ ኮዱን ከጊት (የኮዱ ለውጥ ሁሉ ከነታሪኩ ሚቀመጥበት) አውርጄ ፕላን (ምን ልትሰራ ነው) ስለው 43 ሊጨመሩ፣ 0 ሊለወጡ፣ 0 ሊጠፉ አለኝ። እንዴ! አንድ ዲስክ እኮ ነው የፈለግኩት፣ ሌላው ሁሉ ደንበኛ እየተጠቀመበት ያለ ነገር ነው። የስ ብዬ ቢሆን ግማሹ ስሙ ተይዟል ብሎ ይወድቃል፣ ግማሹ ድጋሚ ተፈጥሮ ዶላር ይቆጥርብናል። ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ኢምፖርት ሳረግ፣ ማለትም አዲስ ስቴት ላይ ሳስመዘግብ፣ አራት ቀን ፈጀብኝ፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ።

ጊት ላይ እናስቀምጠው ሚሉም አሉ። ተዉ። ፋይሉ ውስጥ የዳታቤዝ ፓስወርድ ሳይቀር በግልጽ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፣ ጊት ላይ አንዴ ከገባ ደግሞ ብታጠፋውም ከታሪኩ አይወጣም። በዛ ላይ ሁለት ሰው እኩል አፕላይ (ስራው ይፈጸም) ቢል ሚከለክለው የለም።

እኔ ማስቀመጫ ስመርጥ ማየው ሎክ (አንዱ ሲሰራ ሌላውን ሚያግድ ቁልፍ) አለው ወይ፣ የድሮው ቅጂ ይመለሳል ወይ፣ ማን ያነበዋል፣ በቃ። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ዋጋ እያወዳደሩ ስብሰባ መቀመጥ አይገባኝም። የአማዞን ፋይል ማስቀመጫ ኤስ3 ላይ ድሮ ለሎክ ዳይናሞዲቢ ሚባለው ዳታቤዛቸው ላይ ቴብል መጨመር ነበረብህ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከወጣው ቴራፎርም 1.10 ወዲህ ግን ሎኩንም እዛው ባኬቱ (የኤስ3 ማህደሩ) ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፣ አስተማሪዎቹ ግን ዛሬም ዳይናሞውን እያስተማሩ ነው። የአዙርና የጉግል ስቶሬጅ በራሳቸው ይቆልፋሉ። ኤስ3 ላይ ቨርዥኒንግ (የድሮ ቅጂዎችን ሚያስቀምጠው) ራስህ ካላበራኸው ጠፍቶ ነው ሚመጣው፣ እሱን እንዳትረሱ።

ሰርቨሮቻችሁ ውጭ ከሆኑ ፋይሉም እዛው ይሁን። ማሽኑ እዚህ አዲስ አበባ ሆኖ ስቴቱ ፍራንክፈርት ሲሆን ነው ማልስማማው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል፣ ያኔ ማሽኑ አጠገብህ እየሰራ አንተ ካርታውን ማየት አትችልም። ኢንተርኔቱ ደህና ሲሆን ደግሞ የዶላር ካርዱ አልከፍል ይላል። እዚሁ ላለ ነገር ራስህ ሰርቨር ላይ ምትጭነው ፖስትግረስ ዳታቤዝ ይበቃል፣ ቴራፎርም በቀጥታ ይጽፍበታል፣ ሎክም አለው፣ ቅጂውን ግን በየሌሊቱ ባካፕ እያረጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ፓስወርዱ ሚያሳስበው ሰው ከቴራፎርም የተቀዳውን ኦፕንቶፉን ይይ፣ ከ1.7 ጀምሮ ስቴቱን ራሱ ኢንክሪፕት ያረግልሃል፣ ቁልፉን ከጣልከው ግን ማንም አይከፍትልህም።

አንድ ጥንቃቄ፣ ፖስትግረሱን በዛው ስቴት በተሰራ ሰርቨር ላይ አታስቀምጡት። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በር መዝጋት ነው፣ ሰርቨሩ የወደቀ ቀን ማንሻው ራሱ ውስጡ ነው። ይሄንንም ያየሁት ደርሶብኝ ነው፣ ታሪኩ ይቆየን።

በነገራችን ላይ ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ፣ ልጁ ስክሪን ግራ ጥግ፣ ቴራፎርም ዶት ቲኤፍስቴት ሚል ፋይል፣ ስቴት ፋይሉ ራሱ፣ እዛው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል። ካገኛችሁት ንገሩት።

አንድ የሲስተም ሠራተኛ
አዲስ አበባ