ለልጅ ልጆቻቸው የተቀረጸው ፊልም እንዲደርሳቸው

መምህራችን ከቀረጿቸው የቪዲዮ ካሴቶች በአንዱ ላይ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ጭቃውን እያሹ ድንገት ቀና ይሉና ከካሜራው ጀርባ የቆሙትን እኚህን መምህራችንን «ልጄ፣ ይህን ለማን ልታሳየው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «ለልጅ ልጆችዎ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወደ ጭቃቸው ይመለሳሉ።

ቃሉ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም፤ ገንዘብ የምናሰባስበውም እንዲፈጸም ነው። መምህራችን፣ ፕሮፌሰሩ፣ የማስተማሪያ ጊዜያቸው ሲያልቅ ካሜራቸውን ተሸክመው እየወጡ የአንድን አካባቢ ባህልና ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ቀርጸዋል። የተወሰነው ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ታየ፤ የሚበዛው ግን ዛሬም መደርደሪያ ላይ ነው። በየካሴቱ ጀርባ በእርሳስ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና «ዝናብ ስለ ጣለ ተቋርጧል» የሚል ዓይነት ማስታወሻ ሰፍሯል።

ካሴት ግን አይጠብቅም። መግነጢሳዊውን ሽፋን ከክሩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ሲስብ ይለሰልሳል፤ ሲያጫውቱትም ሽፋኑ ከነምስሉ ይላጣል። ማጫወቻዎቹም መመረት ካቆሙ ቆይተዋል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ገና በ2019 እ.ኤ.አ. የሰጡት ማስጠንቀቂያ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ ካሴት ሊጠፋ እንደሚችል የሚያሳስብ ነበር። ያ ዓመት አልፏል።

ሥራው አቋራጭ የለውም። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያም ሦስት ቅጂ ማስቀመጥ ይገባል፤ አንዱ የግድ ሌላ ቦታ።

የምንሰበስበው ገንዘብ መጀመሪያ ለግልበጣው፣ ቀጥሎም ፊልሞቹን ወደተቀረጹበት መንደር ወስዶ ለማሳየት ይውላል። ሁለተኛውን እንደ ትርፍ ነገር አንመለከተውም። ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ዣን ሩሽ በኒጀር ወንዝ ላይ የጉማሬ አደን ቀርጾ ፊልሙን ለአዳኞቹ ሲያሳያቸው፣ ማጀቢያ ሙዚቃውን አውጣው አሉት፤ አደን በዝምታ ነው፣ ጉማሬው ድምፅ ከሰማ ይሸሻል። እርሱም ሰማቸው። የእኛን ካሴቶችም ሊያርሙ የሚችሉት የባህሉ ባለቤቶች ናቸው፤ አዛውንቶቹ ደግሞ በየዓመቱ እየተለዩን ነው።

ስለዚህ የቻላችሁትን አዋጡ፤ የአንድ ካሴት ማስገልበጫ እንኳ አንድ ሙሉ ሰዓት ያተርፋል። ገንዘብ የሌላችሁ፣ የአካባቢውን አነጋገር የምታውቁ ከሆነ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ በመገልበጥ አግዙን። የድሮ ቪዲዮ ማጫወቻ ዕቃ ቤት ያስቀመጣችሁም ብትኖሩ፣ የተበላሸ ቢሆን እንኳ አትጣሉት፤ መለዋወጫው ያስፈልገናል።