ውሃው ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ያለፉ ጦርነቶችን በትናንሽ የወታደር ምስሎች፣ በዳይስና በሜትር ጠረጴዛ ላይ መልሶ ማካሄድ ለብዙ ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስለዋል። በአግባቡ ከተሠራ ግን አንድ የጦር አዛዥ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ፣ ምን ምርጫ እንደነበረው፣ የቱ ጋ እጁ እንደታሰረ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የታሪክ ማጥኛ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሥራው ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ስህተት ስላለ ነው። ዋተርሉን ወይም ኖርማንዲን ለመጫወት የተዘጋጀ ሕግ ሞልቷል። ስሙ ያልገነነ ጦርነት ሲመጣ ግን ሰው ያንኑ ሕግ ያነሣና የምስሎቹን ልብስ ብቻ ይለውጣል። የሚገኘው ሌላ ባርኔጣ ያደረገ ኖርማንዲ ነው። የተረሳው ጦርነት በወዳጆቹ እጅ ዳግመኛ ይረሳል።

እያንዳንዱ ጦርነት የራሱ ቋጠሮ አለው። ቺሊ ከፔሩና ከቦሊቪያ ጋር ከ1879 እስከ 1884 እ.ኤ.አ. ያካሄደችው ጦርነት ቋጠሮው ባሕር ነበር። ሁዋስካር የተባለችው የፔሩ ብረት ለበስ መርከብ ኦክቶበር 8 ቀን 1879 አንጋሞስ ላይ ስትማረክ መንገዱ ተከፈተ፤ አንድ ወር ሳይሞላ የቺሊ ጦር ፒሳጉዋ ላይ ከመርከብ ወረደ። በረሃው ላይ የተደረገውን ውጊያ ብቻ ጠረጴዛ ላይ የሚያመጣ ሰው ታሪኩን ከወገቡ ቆርጦ ነው የሚጀምረው። ከሁሉ ይልቅ ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው ግን ከ1932 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ቦሊቪያና ፓራጓይ ግራን ቻኮ በተባለው ሜዳማ የእሾህ ጥሻ ውስጥ ያደረጉት ጦርነት ነው። የዚያ ጦርነት ቋጠሮ ውሃ ነው።

ስሌቱን በእርሳስ መሥራት ይቻላል። 600 ሰው ያለው ሻለቃ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ቢመደብለት 1,800 ሊትር ይፈልጋል። ይህ ዘጠኝ ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው፤ ከነበርሜሉ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል። የ1930ዎቹ ተራ የጭነት መኪና የሚሸከመው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ቶን ነበር። ስለዚህ አንድ ሻለቃን ለአንድ ቀን ብቻ ለማጠጣት አንድ ሙሉ መኪና ያስፈልጋል፤ ጥይቱ፣ ምግቡና ቁስለኛው ገና አልተነሡም። ይህን ስሌት ያልያዘ የቻኮ ጨዋታ ወታደር እንደ ልቡ የሚሮጥበት ጨዋታ ይሆናል።

ሕጉ መወሳሰብ የለበትም። ለእያንዳንዱ ሻለቃ ቢበዛ ሦስት ሰማያዊ ዶቃ ይሰጠዋል፤ ሰዉ በኮዳው የያዘው ውሃ ይኸው ነው። ተቀምጦ የዋለ ሻለቃ በቀን አንድ ዶቃ ይከፍላል። ያጠቃ፣ ጥሻ እየመነጠረ ያለፈ ወይም ቀትር ላይ የተጓዘ ሁለት ይከፍላል። ዶቃው ያለቀበት እንቅስቃሴው በግማሽ ይቀንሳል፣ ከእያንዳንዱ የዳይስ ውጤቱም አንድ ይጎድላል። በሁለተኛው ደረቅ ቀን ማንም ሳይተኩስበት አንድ መቆሚያ (ምስሎቹ በአንድነት የሚቆሙበት ቁራጭ) ይነሣለታል፤ በሦስተኛው ሁለት። አንድ መኪና በአንድ ጉዞ የሚያመጣው አንድ ዶቃ ነው። መኪናው መንገድ ላይ በዋለ ቁጥር አንድ ዳይስ ይጣልለታል፤ አንድ ከወጣ ለዚያ ቀን ተበላሽቶ ይቆማል። መኪናውንና ዶቃውን ዓይን በሚያየው ቦታ፣ ከሻለቃው ጎን ማስቀመጥ ግድ ነው። በወረቀት ብቻ የሚመዘገብ ውሃ በሦስተኛው ዙር ይረሳል፤ ተጫዋቹ የሚያስታውሰው ሲጎድል የሚያየውን ነው።

የዚህ ሕግ ሚዛን የሚፈተነው ኢሬንዳግዌ ላይ ነው። በዲሴምበር 1934 ኮሎኔል ኤውሄኒዮ ጋራይ የሚመራው የፓራጓይ ክፍለ ጦር በጥሻ ውስጥ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በቦሊቪያ ጦር ጀርባ ያሉትን የውሃ ጉድጓዶች ያዘ። ከፊት የነበረው የቦሊቪያ ጦር በተኩስ ሳይሆን በጥም ፈረሰ። በጠረጴዛችሁ ላይ የጉድጓዶቹ መያዝ ጦሩን በሁለት በሦስት ቀን የማይበትነው ከሆነ ዶቃው በዝቷል ማለት ነው። ለእኛ አንባቢዎች አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም፤ በዚያው ዲሴምበር፣ ቀናት ብቻ ቀደም ብሎ፣ ወልወል ላይ በውሃ ጉድጓዶች ምክንያት የተተኮሰው ጥይት የጣሊያንን ወረራ ሰበብ አበጀ። ዓለም ሁለቱን ጉዳይ በአንድ የመንግሥታት ማኅበር አዳራሽ ሲያደምጥ ነበር።

ከውሃ ቀጥሎ የሚያስቸግረው እይታ ነው። ከጠረጴዛ በላይ የቆመ ሰው ሁሉንም ያያል፤ ጥሻ ውስጥ የነበረው መቶ አለቃ ግን ከአፍንጫው አልፎ ብዙም አያይም። አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ሜትር ነው ብለን፣ 180 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ብንዘረጋ 3.6 በ2.4 ኪሎ ሜትር መሬት ይወጣዋል። ጥሻ ውስጥ እይታው ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ መቆሚያ ስፋት ብቻ ይሁን። በተመነጠረ መስመር ላይ የተጠመደ መትረየስ ግን 40 ሴንቲ ሜትር ይድረስ። የፓራጓይም የቦሊቪያም መኮንኖች የተማሩት ይህንን ነበር፤ ጥሻውን መንጥሮ መንገድ ያበጀ ያያል፣ ያልመነጠረ ይታወራል። ምስሎቹ ከመታየታቸው በፊት በካርድ ይተኩ፤ በሁለት እውነተኛ ካርድ አንድ ባዶ ካርድ ይጨመር። ከዚያ በላይ ባዶ ካርድ ከበዛ ጨዋታው መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ሁሉም ሰው ጥላውን እየፈራ ይቀመጣል። ሦስተኛ ሰው ዳኛ ሆኖ ቢገኝ ይህ ሁሉ በጣም ይቀላል።

ጥሻውን ስትሠሩ አትሰስቱ። ብዙ ሰው ስድስት ሰባት የዛፍ ጉብታ አስቀምጦ ቀሪውን ሜዳ ይተወዋል፤ የአውሮፓ የእርሻ መሬት የሚመጣው ያኔ ነው። ከጠረጴዛው ሁለት ሦስተኛው መሸፈን አለበት። ዛፍና ቁጥቋጦውን ግን ከጠረጴዛው ጋር አታጣብቁት፤ ወታደር የሚቆምበት ቦታ ያጣል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ፣ ጠርዛቸው ወጣ ገባ ያለ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ቁራጮች ቆርጡ፤ ቁጥቋጦዎቹ በላያቸው ላይ እየተነሡ የሚቀመጡ ይሁኑ፤ ወታደር ሲገባ ቁጥቋጦው ወደ ጎን ይላል፣ ቁራጩ ግን የጥሻውን ወሰን ይዞ ይቆያል። ለእሾሃማው ቁጥቋጦ ከኮኮናት ጭረት የተሠራ የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ የሚወዳደረው የለም፤ ቆንጥሮ በኮላ ማቆም ብቻ ነው። አሸዋውን የሚይዘው ኮላ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቅጠን። ወፍራም ኮላ ሲደርቅ ይኮማተርና መሬቱን ይሰነጥቀዋል፣ ቀጭኑን ኤምዲኤፍ ደግሞ እንደ ቅጠል ያጎብጠዋል። ማጎበጡን የሚያስቀረው ከሥሩም በዚያው ቀን ቀለም መቀባት ነው። ከላይ ያለው አሸዋ ግን ከመቀባቱ በፊት 24 ሰዓት ይድረቅ። የቻኮ አቧራ ግራጫ ያዘለ ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ ቀይ አፈር ከቀባችሁ ሌላ አገር ሄዳችኋል።

ወደ ምስሎቹ እንምጣ። 15 ሚሊ ሜትር መጠን ለዚህ ጦርነት ይመረጣል፤ 28 ሚሊ ሜትሩ ያምራል፣ ነገር ግን ሻለቃ ሳይሆን ጥቂት ጓድ ብቻ ነው የሚያሳየው። አንድ መቆሚያ 30 በ30 ሚሊ ሜትር ሆኖ አራት ምስል ይሸከም፣ 40 ሰው ገደማ ያለውን አንድ የመቶ ይወክል። ሻለቃው ዘጠኝ የጠመንጃ መቆሚያ፣ አንድ ሁለት የመትረየስና አንድ የአዛዥ መቆሚያ ይኖረዋል። የፓራጓይ ጦር ቦሊቪያ የያዘችውን ምሽግ ለከበበበት ለቦኬሮን ውጊያ ስድስት የፓራጓይ ሻለቃና 15 የቦሊቪያ መቆሚያ ካቀረባችሁ የጠመንጃ ምስሎቹ ብቻ 276 ይሆናሉ። ብዙ ይመስላል፤ ግን በአንድ ቀለም በጅምላ የሚቀባ ስለሆነ የሚያስፈራ አይደለም።

ለዚህ ጦርነት የተቀረጸ ምስል ባይገኝ የሌላ ጦር ምስል ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይለወጣል። አንገቱን በቀጭን መጋዝ ቆርጣችሁ፣ በሞረድ አስተካክላችሁ፣ በ0.8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ሁለቱንም ወገን ብሱና ሽቦ አስገቡ። ሽቦ የሌለው ራስ በሱፐር ግሉ ብቻ ከተያዘ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። የባርኔጣውን ክፈፍ በሁለት ክፍል ተቀላቅሎ በሚደርቅ ሊጥ መሥራት ይቻላል፤ መሣሪያችሁን በውሃ ካላረጠባችሁት ሊጡ ተጣብቆ ይመጣል። የብረት ምስል ከቀለም በፊት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈው ቅባት ቀለሙን ያስለቅቀዋል። የሚረጨው የመጀመሪያ ቀለም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በደረቅ አየር ይረጭ። ከራቀ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ ምስሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሻክረዋል። አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን የተረጨ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ደግሞ ነጭ ጉም ይጥልበታል፤ የሳምንታት ልፋት በአንድ ደቂቃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ልብስ ቀለም መጨነቅ ከሚገባው በላይ ሆኗል። የፓራጓይ ወታደር ወይራ አረንጓዴ፣ የቦሊቪያው ካኪና ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ ለብሶ ቢወጣም ፀሐይና አቧራው ሁለቱን ወደ አንድ መልክ አምጥቷቸዋል። ከፓራጓይ ወታደሮች ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ጫማ የለበሰ የፓራጓይ ጦር ብቻ መቀባት ከቀለም ስህተት የባሰ ነው። በጠረጴዛ ላይ ወገን የሚለየው በመቆሚያው ጠርዝ ቀለም ይሁን፤ ልብሱን ለመለየት ሲባል ማድመቅ ሐሰት ነው።

ታንክ ሌላው ፈተና ነው። ቦሊቪያ ጁላይ 4 ቀን 1933 በፓራጓይ ምሽግ ናናዋ ላይ ቪከርስ ታንኮችን አሰልፋለች፤ በጦርነቱ ሁሉ ግን የነበሯት ስድስት ቶን ቪከርሶች ሦስት፣ አነስተኞቹ ካርደን ሎይዶች ሁለት ብቻ ነበሩ። የታንክ ምስል ስለሚያምር ሰው ስምንት አሥር ያሰልፋል። ሦስቱን ብቻ አሰልፉ፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ስለሚሠሩም በየሦስተኛው ዙር ይቁሙ። ናናዋ ያኔ የሚሆነውን ይሆናል፤ የቦሊቪያን ጦር ይመራ በነበረው ጀርመናዊ ጄኔራል ሃንስ ኩንት ትእዛዝ ፊት ለፊት እየሄደ በመትረየስ የሚያልቅ እግረኛ።

ሁለቱ ወገኖች እኩል መሆን የለባቸውም። ፓራጓይ በወንዝ እስከ ፖርቶ ካሳዶ፣ ከዚያም በጠባብ ባቡር 145 ኪሎ ሜትር ወደ ግንባሩ ትቀርብ ነበር። የቦሊቪያ ምልምል ከደጋው አልቲፕላኖ ተነሥቶ በባቡር፣ በመኪናና በእግር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደማያውቀው ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ የቦሊቪያ ተጨማሪ ጦር በሁለት ዙር ይዘግይ፣ ሲደርስም ሙሉ ዶቃ አይኑረው። የፓራጓይ ወታደሮች በስልክ ጓራኒ ይነጋገሩ ነበርና የፓራጓይ ትእዛዝ ሳይጠለፍ ይለፍ። ይህ ሁሉ ቦሊቪያን የሚያስመርር ከሆነ ማካካሻው የማሸነፊያው መስፈርት ነው እንጂ የጦሩ ብዛት አይደለም። ቦኬሮን ላይ በሌተና ኮሎኔል ማኑዌል ማርሳና የሚመሩ 600 ገደማ የቦሊቪያ ወታደሮች በብዙ እጥፍ የሚበልጣቸውን ጦር ከሴፕቴምበር 9 እስከ 29 ቀን 1932 ይዘውት ቆይተዋል። ለቦሊቪያው ተጫዋች ከ20ኛው ቀን ያለፈ እያንዳንዱ ቀን ድል ይቆጠርለት። እጁን ቢሰጥም አሸንፎ ሊነሣ ይችላል፤ ይህም ለማርሳና የሚገባው ፍርድ ነው።

ምስል ከመግዛትና ቀለም ከመበጥበጥ በፊት ሕጉን በካርቶን ቁራጭ ፈትኑት። የሴፕቴምበር 9ኙን የመጀመሪያ ጥቃት፣ ፊት ለፊት፣ ስድስት ጊዜ አካሂዱ። በታሪኩ ጥቃቱ በከባድ ጉዳት ከሽፏል። ከስድስቱ ሁለቴ ከተሳካ መትረየሱ ደክሟል፤ የመትረየሱን ዳይስ በአንድ ጨምራችሁ ድገሙት። ስድስቱም ጊዜ ከከሸፈ ደግሞ ቀጣዩን ፈትኑ፤ የፓራጓይ ተጫዋች ማጥቃቱን ትቶ ዙሪያውን መክበብ፣ ውሃውንም ከጦሩ ዋና ሰፈር ከኢስላ ፖይ በመኪና ማመላለስ ይችላል ወይ? የፓራጓይ ጦር አዛዥ ኤስቲጋሪቢያ ያደረገው ያንን ነው፤ የራሱ ከባቢ ጦርም በጥም ይሰቃይ ነበር። በስምንት መኪና ከተጫወታችሁት በኋላ መኪኖቹን ወደ አምስት ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ደግሞ ተጫወቱት። ከባቢው ከተከባቢው ቀድሞ መፍረስ ሲጀምር፣ ዶቃዎቹ ቁጥራቸው ተገኝቷል፤ ያኔ ምስል መግዛት ይቻላል።

አክባሪ አንባቢዎቻችሁ