የሐረር ስፌት ሒሳብ ክፍል ይግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዕጩ መምህራን ሥነ ጥበብን ለብቻው ይማሩታል። ሒሳብ የማስተማር ዘዴ ክፍል ሲገቡ ግን ደጅ ጥለውት ነው። «ጥበብን ከትምህርቱ ጋር አዋህዱ» ሲባሉም ብዙዎቹ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ተማሪውን ሥዕል ያስቀባሉ። ይሄ ክፍሉን ያሳምር ይሆናል፤ ሒሳቡን ግን አያስተምርም።

ሐረር ውስጥ ከሣር ስፌት የቀረበ መርጃ መሣሪያ የለም፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስለ ክብ ለማስተማር ለአምስት ሰው ቡድን አንድ ክብ ስፌት፣ ሲባጎና ማስመሪያ ይበቃል። ዙሪያው በሲባጎ ተለክቶ ለዲያሜትሩ ሲካፈል 3.14 ገደማ መምጣት አለበት። ካልመጣ ወይ ክሩ የሚለጠጥ ነው፣ ወይ ስፌቱ ትንሽ ነው። ዙሪያውን ሲለኩ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሳሳቱ፣ ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ስፌት ላይ ውጤቱ በ0.1 ይዛባል፤ 40 በሆነው ላይ ግን በ0.025 ብቻ። ትልቁን ይምረጡ።

የበለጠ ፍሬ ያለው ቀጥሎ ያለው ነው። ስንደዶው አክርማ እየተጠመጠመበት በዙር በዙር ይሰፋል። የአንዱ ዙር ስፋት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዲያሜትሩ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስለሚጨምር ቀጣዩ ዙር ካለፈው በ3.1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መሃሉም ላይ ጠርዙም ላይ ያው ነው። (በእርግጥ ስፌት ጥምዝ እንጂ የተነጣጠሉ ክቦች አይደለም፤ ለአንደኛ ደረጃ ግን ያስኬዳል።) ጠርዙ ላይ ጭማሪው የሚበልጥ ይመስላል፤ ስለዚህ ዕጩዎቹ አስቀድመው ይገምቱ፣ ከዚያ ይለኩ። የአለላው (በቀለም የተነከረው ሣር) ጌጥ ስምንት ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ 45 ዲግሪ ነው። ያለ ፕሮትራክተር እንዴት እንደሚካፈል ስፌት የምትሰፋ እናት፣ የድካሟ ተከፍሏት፣ መጥታ ብታሳይ ይመረጣል።

የሐረሪ ቤትን አምስት ነደባዎች (ከፍ ያሉ መቀመጫ መደቦች) በ1፡50 መስፈርት መንደፍም ይቻላል፤ አንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው። ከ40 ደቂቃው ሠላሳው በቀለም ካለቀ ሒሳቡ ለነገ ያድራል፤ ቀለም መቀባቱ ለሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ይቆይ።

ስለዚህ በልምምድ ማስተማር መመዘኛ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ ስፌቱ ቢነሳ ከትምህርቱ የሚጎድል ነገር አለ? በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለአሳሳል ውበትም ነጥብ አይሰጥ፤ አለበለዚያ ልኬቱን በትክክል የሠራ ተማሪ መስመሩ ስለተጣመመ ብቻ ከጓደኛው ያንሳል።

ከአክብሮት ጋር
የመምህራን አሠልጣኝ፣ ከሐረር