ጥቁሩ ድንጋይ የጠቆረ ግራናይት አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሀገራችን የግንባታ ድንጋዮች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤ ብዙውን ወድጄዋለሁ፤ አንዱ አንቀጽ ግን እርማት የሚያሻው ነው። ጸሐፊው በግራናይት ተራሮች ውስጥ ጣል ጣል ብለው የሚታዩት ጥቁር ድንጋዮች በከርሰ ምድር ሙቀት የጠቆረ ግራናይት ናቸው ይላሉ።

በስህተቱ እርሳቸውን ብቻ አልወቅስም፤ ገበያውም አለበት። እዚህ ደሴ እምነበረድ የሚሸጡ ሱቆች ለወጥ ቤት «ጥቁር ግራናይት» ብለው የሚያቀርቡት ድንጋይ በአብዛኛው ጋብሮ ወይም ዶለራይት ነው፤ ሁለቱም የባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የሚፈሰው ጥቁር ድንጋይ) የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ግራናይት 70 በመቶ ገደማ ሲሊካ (የሲሊኮንና የኦክሲጅን ውህድ) ሲኖረው፣ እነዚህ ወደ 50 በመቶ ዝቅ ይላሉ፤ በምትኩ ብረትና ማግኒዥየም ይበዛባቸዋል። ግራናይት ቢቀቀል ቢጠበስ ከሌለው ላይ ይህን ያህል ብረት ሊያመጣ አይችልም።

ታዲያ ጥቁሩ ከየት መጣ? መጀመሪያ የሚታየው ዳር ዳሩ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ቀጥ ባለ መስመር ግራናይቱን ሰንጥቆ ካለፈ፣ ግራናይቱ አስቀድሞ ረግቶ ሳለ በስንጥቁ የገባ ቅልጥ አለት ነው። የተድቦለቦለና ዳሩ ሞገድ የሠራ ከሆነ ግን ሁለቱም ፈሳሽ ሳሉ ተገናኝተዋል ማለት ነው። የባዛልት ቅልጥ ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሲሆን የግራናይቱ ከ700 እስከ 800 ገደማ ነውና፣ ከጧፍ የተንጠባጠበ ሰም ውሃ ላይ እንደሚድቦለቦል ሁሉ ጥቁሩ በቅጽበት ይረጋል፤ የዳሩ ቅንጣትም ከመሀሉ ይልቅ የደቀቀ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት ከሀገራችን ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከውቅሮ በስተሰሜን፣ በነጋሽ ያለው 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ አለት ነው።

ቅልጡ ከምን ያህል ጥልቀት እንደ መጣ የሚመሰክረው ደግሞ ኬሚስትሪ ነው። ሩቢዲየም 87 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እጅግ በዝግታ ወደ ስትሮንቲየም 87 ይለወጣል፤ ሩቢዲየም የሚከማቸውም ከማንትል (ከቅርፊቱ ሥር ካለው ጥልቅ የአለት ንብርብር) ይልቅ በመሬት ቅርፊት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአሮጌ ቅርፊት የቀለጠ አለት የስትሮንቲየም 87 እና 86 ምጣኔው ብዙ ጊዜ ከ0.710 በላይ ሲወጣ፣ በቀጥታ ከማንትል የመጣው 0.703 ወይም 0.704 አካባቢ ይቀራል። በመካከል የሚውለው ሁለቱ መቀላቀላቸውን ሊያመለክት ይችላል፤ ቅርፊቱ ራሱ ወጣት በነበረበት ቦታ ግን ልዩነቱ ስለሚጠብ ጥንቃቄ ያሻዋል። ከማንትል ለመጣ ነገር ዓይን የሚያየው ማስረጃ የሚፈልግ ሰው፣ በእንጅባራ አካባቢና በቦረናዋ ሜጋ ባዛልት ይዟቸው የወጣውን አረንጓዴ የማንትል ስባሪዎች ማየት ይችላል።

እንዲያውም ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ከማንትል የወጣ ቅልጥ በቅርፊቱ ግርጌ ተከማችቶ ከላዩ ያለውን አለት ሲያቀልጥ፣ ከዚያ ግራናይት ይወለዳል። ጥቁሩን ያጠቆረው የግራናይቱ ሙቀት ሳይሆን፣ ግራናይቱን ያቀለጠው የጥቁሩ ሙቀት ነው ማለት ነው።

ጸሐፊው የወሎን ተራሮችም በግራናይት መመደባቸው ሌላው ግድፈት ነው። ጦሳ ተራራ ላይ የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአብዛኛው በ1 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ተደራርቦ የፈሰሰ፣ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ክምር አካል ነው። በላሊበላ አካባቢ ያለው ባዛልት ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ይልቅ ቲታኒየም የበዛበት ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ይህን ከጥልቅ ማንትል ከተነሣው የአፋር ትኩስ ዓምድ ጋር ያያይዙታል። አሮጌው ግራናይትና መሰሎቹ እዚህ ካሉም ከዚህ ሁሉ ሥር የተቀበሩ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁትን ፎቶ በማጉያ መነጽር አየሁት። ከጥቁሩ ጉብታ ዳር አንድ ሮዝ የፌልድስፓር (ከግራናይት ዋና ማዕድናት አንዱ) ክሪስታል ግማሹ በግራናይቱ፣ ግማሹ በጥቁሩ ውስጥ ተሰክቶ ይታያል። ሁለቱም ፈሳሽ ሳሉ ከግራናይቱ ወደ ጥቁሩ ሲሻገር እንደ ረጋ ነው። በሚቀጥለው እትም እርማቱ ሲወጣ ይኸው ፎቶ፣ ክሪስታሉ በቀስት ተመልክቶ፣ ድጋሚ እንዲታተም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደሴ